ያልፈረምኩት ምስክርነት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ በጀርባሽ አዝለሽ ላሳደግሽኝ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የስፌት መኪናሽ ፔዳል ዛሬም እየተንቋቋ ያስቸግርሻል ወይስ ጋሼ ዘይት አጠጣልሽ? የእማዬ ጉልበት፣ የአባዬ ሳል፣ የሕፃኑ ጥርስ፣ የትንሿ እህታችን የፈተና ዝግጅት እንዴት ነው? ሁሉንም በየተራ፣ ማንንም ሳልዘል እንደጠየቅኩ ቁጠሪልኝ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እማራለሁ። ሆዴ ግን ደህና አይደለም።

በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው» እያልኩ ይህን ያህል ጊዜ የሸነገልኩሽ እማዬን ፈርቼ ነው። እሷ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ መላው ቤት፣ አንዳንዴም ጎረቤት፣ ጆሮውን ሲቀስር የዚህ ዓይነት ወሬ አይወራም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንቺ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አዲስ ገቢዎች ሁሉ አዳራሽ ተሰብስበን ስለ ፈቃድ እንድንማር ታዘዝን። ፈቃድ ስልሽ የእረፍት ፈቃድ እንዳይመስልሽ። ሰው ከሰው ጋር ሲተኛ ሁለቱም ወደውና ፈቅደው መሆን አለበት የሚለው ነው። ላንቺ እንዲህ ያለ ቃል ጽፌ አላውቅምና ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ ደግሞ ነገሩ ይጠፋብሻል። በር ላይ ወረቀታችን ማኅተም ይመታበት ነበር፤ ማኅተም የሌለው የምግብ ካርድ አያገኝም። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለትምህርቱ ሳይሆን ለምሳው ነው የመጣነው።

ያስተማረችን የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ ሁሉም ሰው ሲስተር ነው የሚላት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ናት፤ ምንም ቢያፏጩባት ድምፅዋ አይሰበርም። «ፈቃድ ተሰጥቶም መልሶ ሊነሳ ይችላል። የተኛ ሰው አይፈቅድም፣ የሰከረ አይፈቅድም፣ የፈራ አይፈቅድም። መምህሩ ውጤቴን ያበላሽብኛል ብላ የተጨነቀችም አልፈቀደችም» አለችን። አንዱ ጎረምሳ እጁን አውጥቶ «ሲስተር፣ ታዲያ ከመሳማችን በፊት ማመልከቻ እናስገባ?» አላት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ።

ከጎኔ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር፤ በኋላ የኬሚስትሪ ላብ፣ የቤተ ሙከራ ማለቴ ነው፣ ጓደኛዬ ሆነች። ስሟን አልጽፍልሽም። በዚህ ሰሞን ስሟ ያልገባበት አፍ የለም፣ እኔ ደግሞ አልጨምርበትም። ብድግ ብላ «ፈርታ ዝም ያለችስ?» ብላ ጠየቀች። ሲስተር ከመመለሷ በፊት ከኋላ «ዝምታ እሺታ ነው!» የሚል ጩኸት መጣ። የጮኸው ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ የምንለው አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ የተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ስላለና እሱ ሳያዝዝ ምንም ነገር እንዲሆን ስለማይፈልግ የወጣለት ቅጽል ነው። በመጣሁበት ዕለት ሻንጣዬን ከበር ተቀብሎ ፎቅ ድረስ የተሸከመልኝ እሱ ነው። ያን ቀን ደረቱ ላይ «አስተባባሪ» የሚል ባጅ ለጥፎ ነበር። ሳቁ ሲፈነዳ ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ጥርሴ በሙሉ ተገልጧል። ተቀመጠች። ሲስተር «አይደለም! ዝምታ እሺታ አይደለም!» ስትል የሰማት የፊት ወንበር ብቻ ነው።

መዝጊያው ላይ የተማሪዎች ዲን ማይኩን ተቀበለ፤ እስከዚያ ድረስ ስልኩን ሲነካካ የቆየ ሰውዬ ነው። «ወንዶች ረጋ በሉ። ሴቶች አለባበሳችሁንና አዋዋላችሁን አሳምሩ፤ ጎመን በጤና» ብሎ አሰናበተን። እኛም አጨበጨብንለት። ያ ጭብጨባ ዛሬ መዳፌ ላይ እንደ ዝቃጭ ዘይት ይሰማኛል፤ ብታጠብ አይለቅም።

ላብ ውስጥ እሷ ትለካለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዱን ልኬት ሁለት ጊዜ ሳታይ አታስጽፈኝም። አንድ ቀን ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ቢገኙ እንዴት ጥሩ ነበር አለች። እኔ ደግሞ ደግ መሆኔ ነው፣ እሷን ሳልጠይቅ ፈተናዎቹን ያገኝላታል ብዬ ስልክ ቁጥሯን ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም መልሼ ጠቀስኩት። እትዬ፣ ይህን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ በአራተኛው ነው የጻፍኩት።

ደውሎ «ፈተናዎቹ የማኅበሩ ቢሮ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ መጥተሽ ውሰጂ» አላት። ቢሮው ከካፌው ጀርባ ያለች፣ የቆሸሹ ባነሮችና የተሰበሩ ወንበሮች የታጨቁባት ክፍል ናት። ቁልፏ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሄደች፤ በሩን ከውስጥ ቆለፈው። እኔ አልነበርኩምና አልተርከውም። እሷ ለሲስተር የነገረቻት «ተው አልኩት፤ ከዚያ ድምፄ ጠፋ፣ ሰውነቴ ድንጋይ ሆነ» ብላ ነው። ከዚያ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄደች። ሲስተር ራሷ ይዛት ሆስፒታል አደረሰቻት፤ ለፖሊስም ለዩኒቨርሲቲውም አመለከቱ።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅኩም። ሁለት ሳምንት ላብ ስትቀር አሟት ይሆናል ብዬ ብቻዬን እየለካሁ ብቻዬን ጻፍኩ። ያወቅኩት ሊቀመንበሩ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ይዞ ማደሪያ ክፍላችን ሲመጣ ነው። ወረቀቱ «ልጅቷ በገዛ ፈቃዷ ወደ ቢሮው ስትመላለስ፣ ከእሱ ጋር ስትሳሳቅ አይተናል» ይላል። አራቱም የክፍሌ ልጆች ፈርመውበታል። ከአራቱ ሦስቱ መንገድ ላይ ቢያገኟት አይለዩዋትም! አንደኛው ዳቦ እያላመጠ ወረቀቱን የሴት ድምፅ አስመስሎ አነበበው፤ ሌሎቹ አልጋ ላይ ተንከባለሉ። የዳቦ ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ሊቀመንበሩ ፍርፋሪውን በጣቱ ጫፍ፣ እንዳይቆሽሽበት ቀስ ብሎ ጠረገ። የጠረገበትን ጥንቃቄ ሳይ ቀፈፈኝ።

«አንተ የላብ ጓደኛዋ ነህ፤ ሚዛን የሚደፋው ያንተ ፊርማ ነው» ብሎ እስክሪብቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ይህን አላየሁም አልኩት። «ማን አይቷል? ደግሞ ተው ብላ ዝም አለች እኮ፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለችም» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ፣ ልክ እኔን እንደሚያጽናና። ከአፉ እንደወጣ አንዳች የገማ ነገር ክፍሉን የሞላው መሰለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ምሳዬን አወጣሁት። መስታወቱ ውስጥ ፊቴን ሳይ ደግሞ ይበልጥ አስጠላኝ፤ ቁጥሯን የሰጠ፣ አዳራሽ ውስጥ ጥርሱን የገለጠ ፊት ነው።

እዚያው ቧንቧው ሥር ቆሜ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጥተው ጋሼን ታገቢው እንደሆነ የጠየቁሽ ቀን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንገትሽን ደፍተሽ የቀሚስሽን ጠርዝ ታፍተለትዪ ነበር እንጂ ምንም አላልሽም። አጎታችን «ዝም ካለች ተስማማች ማለት ነው» አለ፣ ቤቱ እልል አለ፣ እኔም ከረሜላ ተሰጠኝና ዘለልኩ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፣ ያውም እንደ ወንድሜ ነው የምወደው። ግን እትዬ፣ ያን ቀን ምን ልትይ ነበር? የጠየቀሽ ሰው እንዳለ አላውቅም። መመለስ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ፤ እኔም ስላልመለስሽ ይህን ማለቷ ነው ብዬ አልተረጉምብሽም።

ተመልሼ አልፈርምም አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሊቀመንበሩ ሊነጥቀኝ ሲል በሩን ከፍቼ ወጣሁና ክሊኒክ ደርሼ ወረቀቱን ለሲስተር እስካሳያት አልቆምኩም። ስመለስ ፍራሼ ኮሪደሩ ላይ ተጥሏል፣ ሻንጣዬ ላይ ውሃ ተደፍቶበታል። ከዚያ ወዲህ «ሴት ነው፣ ነጠላ አልብሱት» እያሉ ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ። አሁን ያለሁት ሌላ ክፍል፣ ሌሊት ሌሊት ከሚያንኮራፋ አንድ የግብርና ተማሪ ጋር ነው፤ ማንኮራፋቱ እንደ ዘፈን ይጥመኛል።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ዲኑ መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅቷ ያን ቀን ምን እንደለበሰች ነው። «አላየሁም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት» አልኩት። ቁጥሯን ሳላስፈቅድ የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ፣ ሊቀመንበሩ በአፉ ያለውን ተናገርኩ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከፈራሚዎቹ ሁለቱ በማግስቱ ቃላቸውን አነሱ። ኮሚቴው ሊቀመንበሩን ለሁለት ዓመት አገደው። ሁለት ዓመት ብቻ! ከዚያ ተመልሶ የአዲስ ገቢ ሻንጣ ሊሸከም ነው። የፖሊሱ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ ተስፋዬ እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋውን ልንገርሽ። ያው ዲን ቢሮው አስጠርቶኝ «አርአያ ተማሪ» ብሎ ፎቶዬን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፍ ፈለገ። እጁን ሲዘረጋልኝ ልጨብጠው አቃተኝ። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም ብዬ ወጣሁ። ሲስተር ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። በሁለተኛው መንፈቅ የሚገቡት ፊት ቆሜ እንዴት እንደሳቅኩና ምን እንዳደረግኩ እንድናገር ነው። እሺ ብያታለሁ። እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ቢሆንም እሺ ብያታለሁ።

ልጅቷ ባለፈው ሰኞ ላብ ተመለሰች። ጋውኗን ለብሳ ከመምህሩ ጋር ትንሽ ተነጋገረችና ወደ እኔ መጣች። «እውነቱን መናገርህን ሰምቻለሁ። ቁጥሬን መስጠትህንም አልረሳሁም። ጓደኛ እንዲቀይርልኝ መምህሩን ጠይቄዋለሁ» አለችኝ። ልክ ነሽ አልኳት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችና አስቆመችኝ፤ እኔም ቆምኩ። አሁን ከመስኮቱ አጠገብ ከሌላ ልጅ ጋር ትሠራለች፤ አሁንም ልኬቱን ሁለት ጊዜ ታያለች።

በይ እንግዲህ፣ እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ለአባዬ ሹራቡን ሳይለብስ ደጅ አይውጣ በይው። ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ዘይቱን አደራ። ሕፃኑን ሁለቱን ጉንጭ ሳሚልኝ። ትንሿ እህታችን ፈተናዋን ካለፈች በመጪው ዓመት ወደ እንዲህ ያለ ግቢ መምጣቷ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አስነብቢያት። ስላንቺ የጻፍኩትን ከፈለግሽ አጥፈሽ ያዢው። ስለ እኔ ነውር የጻፍኩትን ግን አንድም መስመር እንዳትዘይባት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ታኅሣሥ ፲፬ ቀን