ባለቤቴን ጨለማ ውስጥ ስላስቀመጣችሁልኝ

ለክቡር ዶክተር ታናዋት፣ የሴል ምርምር ተቋሙ ዋና ኃላፊ

ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማይቆረቁር ወንበር እየተመኘሁልዎ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ካምፓን ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሩዜን ራሴ አበስላለሁ፣ ሎንጋን የሚባለው የፍሬ ዛፌ ላይ ያለ መሰላል እወጣለሁ፣ ፊደል ግን ከእኔ ጋር ብዙም አይስማማምና ስሕተቴን በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ባለቤቴ ቡዋላይ ሳትሞት ከዕጢዋ ቆርጣችሁ እንድታሳድጉ ፈቅዳላችሁ ነበር። ስትሞት በወጋችን አስከሬኗን አቃጥለን አመዷን ለፒንግ ወንዝ ሰጠን፤ ሴሎቿ ግን እናንተ ዘንድ ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ልጠይቃት ስመጣ ስላስገባችሁኝ። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ሴሎቿ የሚያድጉበት ሳህን በፎይል ተጠቅልሎ አገኘኋት። ቡዋላይ ጨለማ ትፈራለች፤ እኛ ቤት መብራት ጠፍቶ ተተኝቶ አያውቅም። ፎይሉን ገለጥኩላት፣ መብራቱንም አበራሁላት። ተመራማሪዋ ፒምፓ «ኧረ አባባ፣ ጉድ ሠሩኝ!» ብላ ጮኸች። «ሰው እንዲህ ይቀመጣል እንዴ ልጄ?» አልኳት።

ሁለተኛ፣ በራችሁ ላይ ማስጠንቀቂያውን በእንግሊዝኛ ስለጻፋችሁልኝ። «መብራት አታብሩ» እንደሚል እንባዋን እየጠረገች ያስረዳችኝ ፒምፓ ናት። ሴሎቹ ውስጥ ያስገባችው መድኃኒት እንቅልፋም ማኅተም መቺ ነው አለችኝ፤ እሷ በመረጠችው ቦታና ሰዓት ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ነቅቶ፣ አጠገቡ የቆመውን ፕሮቲን ሁሉ ምልክት ይመታበታል፤ የዕጢው ፕሮቲን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ የሚታወቀው በዚያ ነው። እኔ ሙሉ መብራት ሳበራበት ያገኘውን ሁሉ መታ። የወራት ልፋቷ ገደል ገባ።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ ለሚበልጠው ቸርነትዎ። እንደ ቡዋላይ ሰውነታቸውን ለምርምር ለሰጡ ለጋሾች መነኮሳት ግቢያችሁ ውስጥ በሚጸልዩበት በዓል ላይ ዝር እንዳልል እርስዎ በደብዳቤ አዘዙኝ። ጸሎቱ ሲደረስ፣ በጎው ለሟች እንዲደርስ ውሃ የሚያፈስሰው የቅርብ ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ልጅ የለንም። እኔ ካላፈሰስኩላት በጎው ነገር እንዴት ይደርሳታል? ሳህኗ ላይ ስሟን በቁጥር የለወጡት እርስዎ ያፈስሱላታል?

ዕዳዬን ግን ለሌላ አልተውም። ለፒምፓ ይቅርታ አለብኝ፤ በጸሐፊዎ በኩል ሳይሆን በእግሬ ሄጄ አደርሳለሁ፤ ሥራዋን እንደገና እስክትጨርስም ጨለማው ክፍል በር ላይ ተቀምጬ መብራት የሚያበራ ሽማግሌ እከለክላለሁ። ለቡዋላይ ውሃዋ አለብኝ፤ ካላስገባችሁኝ ደጃችሁ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ አፈስስላታለሁ። ለእርስዎም እጅ መንሳት ይቀረኛል፤ ከወንበርዎ የተነሡ ቀን እከፍላለሁ።

በታላቅ ትሕትና ከእግርዎ ሥር ወድቄ፣ ወገቤ እምቢ እስካለበት ድረስ ብቻ፣
ካምፓን

ይህን ረስቼ፦ ደጃፋችሁ ላይ በእኛው ፊደል «ለጋሾቻችን በልባችን ይኖራሉ» የሚል አንብቤያለሁ። የእኔዋ የምትኖረው በሴል ማሞቂያ ሳጥናችሁ ውስጥ ነው። እዚያው ትቆይ፤ ከልባችሁ ይልቅ እሱ ይሞቃል።