ጀማል ከወደቀ ወዲህ

እሑድ

መብራት ለመሄድ ይህችን ደቂቃ ጠበቀ። ጀማል ሣሩ ላይ ተዘርሯል፣ ሐኪሞቹ እየሮጡ ነው፣ ቃሬዛ እየመጣ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ድርግም። ኳስ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ ሲላቸው በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከወንዶቹ መሐል ብቸኛዋ ሴት እኔ ነኝ፣ የበረኛው እህት።

ያየሁትን እዚሁ ልጻፈው፣ ነገ ጭንቀቴ እንዳይጨምርበት። ረጅም ኳስ ተሻማ። ጀማል ወጣ። እንደ ልማዱ ነው፣ ከመስመሩ መውጣት ይወዳል። የራሱ ተከላካይም ሳያየው ዘለለ፤ ጉልበቱ የጀማልን ጭንቅላት አገኘው። ወድቆም ኳሱን አልለቀቀም፣ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ከዚያ ክንዱ ተፈታና ኳሱ ብቻውን ተንከባለለ። ከዓይኔ ላይ አልሄድ ያለኝ ይኼ ነው፣ ክንዱ ሲፈታ።

ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። እዚህ አገር መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ይከተለዋል፣ ይመለሳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እማዬ ኳስ አታይም፣ ሰው ሲላተም ማየት አትችልም። "እንዴት ሆኑ?" አለችኝ ገና በር ላይ። "አንድ ለዜሮ እየመሩ መብራት ሄደ" አልኳት። ወላሂ ውሸት አይደለም። እየመሩ ነበር።

ሰኞ

መንገድ ተዘጋ። ላይ በደብረ ሲና፣ ታች በአጣዬ። ተኩስ ነበር አሉ። ማን ከማን ብዬ አልጠይቅም፣ ጠይቄ የተጠቀምኩትም የለም። ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ ከማታው አሥራ ሁለት እስከ ጧቱ አሥራ ሁለት ሰው ከቤቱ አይወጣም። ስልክ ጭራሽ ሞቷል።

እኔ እኮ ረቡዕ አዲስ አበባ ስታዲየም ልቀመጥ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ታዳጊዎች ውድድር እዚሁ አገራችን መጥቶ፣ ወንድሜ ለኢትዮጵያ በር እየጠበቀ፣ ለግማሽ ፍጻሜው እንድደርስ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጬ፣ በሶውን አስፈጭቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለራሴ ሰፍቼ። አሁን በሶው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች አስፋልቱ ላይ ተሰልፈዋል። በዚህ ሙቀት ሽንኩርቱ ከጆንያው ውስጥ እየበሰበሰ ከተማው ሁሉ ይከረፋል። የስፌት መኪናዬ የእግር ናት፣ መብራት አትፈልግም፤ እኔ ግን የሰው ሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩ። ፈታሁት። ደግሜ ገልብጬ ገጠምኩት።

በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ያለው ጋሼ ታደሰ ቤት ነው፣ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ገና ስገባ ሬዲዮውን ቀጭ አድርገው አጠፉት።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"አሸንፈን አልፈናል።"

"ስለ ጀማልስ?"

"ስም አላነሱም ልጄ።" ይህን ሲሉ እኔን አይደለም ያዩት፣ ሬዲዮውን ነው። ምን ሰምተው ነው ያጠፉት?

ማክሰኞ

እትዬ አሰገደች፣ የጋሼ ታደሰ ባለቤት፣ በድስት ሙሉ የድንች ወጥ ይዘው መጡ። "እናትሽ እንዳትደክም ብዬ ነው" አሉኝ። ከምሳ በኋላ ከማዶ ቤት ደግሞ ሌላ ድስት መጣ። አመሰገንኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለሐዘንተኛ ቤት ነው እንጂ ወጥ እንዲህ የሚጎርፈው ለማን ነው?

ሱቅ ስሄድ የመስጊዳችን ሼህ ኡመር አስቆሙኝ። "ዘይነባ፣ እናትሽ ደህና ናት? ቤት ውስጥ ወንድ የለም አይደል?" አሉኝ። ወንዱማ ጀማል ነበር። ይህን ሳያውቁ ነው የሚጠይቁኝ?

እኛ አገር ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም። ሰው ተጠራርቶ፣ ጧት በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው መርዶ የሚነገረው። እስከዚያ ግን ያወቀ ሁሉ ይሳሳልሻል፤ ይመግብሻል፣ ደህንነትሽን ይጠይቅሻል፣ ዓይንሽን ግን አያይም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ እየሳሳልኝ ነው። ደግነታቸው አስፈራኝ።

እኔስ ብሆን? ለእማዬ ያንኑ አይደል የማደርገው? እንቅልፍ እንዳይነሳት ቡናዋን እየቀነስኩ፣ ጥያቄዋን እያዞርኩ፣ እንጀራውን አስቀድሜ እየቆረስኩላት። እሷ ሰላቷን አርዝማለች። ዱአዋ ላይ የጀማልን ስም ስታነሳ ሰማሁና ወጣሁ።

ረቡዕ

አልቻልኩም። በሶውን በፌስታል ይዤ በእግሬ ወደ ደብረ ሲና ተነሳሁ። ዳገቱ ቢገድለኝ እንኳ ደብረ ሲና መብራት አለ፣ ስልክ አለ ብዬ። የት ልደርስ፤ ከከተማ መውጫው ላይ መለሱኝ።

የመለሰኝ ወታደር ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። አልተቆጣም። "እህቴ፣ የትም አታልፊም" አለኝ።

"ወንድሜ ዛሬ ኳስ አለበት" አልኩት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

"የታዳጊዎቹ? ከታንዛኒያ ጋር?" አለና ፊቱ በራ። "እኔም ማየት ፈልጌ ነበር።" ከዚያ መሣሪያውን አስተካክሎ "ተመለሺ" አለኝ። ሁለታችንም እዚያው ቀረን፣ እሱ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል።

ጨዋታው አመሻሽ ላይ ነው። ሰዓት እላፊው ስለደረሰ ጋሼ ታደሰ ዘንድ መሄድ አይቻልም። በአጥሩ ቀዳዳ ጆሮዬን ብሰጥ ሬዲዮ አይሰማም። ተዘግቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚዘጋ ሬዲዮ ለምን ተገዛ? ተናድጃለሁ። በሁሉም ተናድጃለሁ፣ በጀማልም። ከመስመርህ አትውጣ ብዬው ነበር።

ሐሙስ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በር ተንኳኳ። በቀስታ። በመስኮት አየሁ፤ ጋሼ ታደሰ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እትዬ አሰገደች፣ ሼህ ኡመር፣ ከኋላቸው የሰፈር ወንዶች። አንድም ሰው አይናገርም። ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ።

በሩን የከፈተችው እማዬ ናት። አልጮኸችም። "ግቡ" አለቻቸው፤ ምንጣፉን አነጠፈች፤ ተቀመጠች። "ንገሩኝ። ጭንቅላቱን እንደተመታ ከእሑድ ጀምሮ አውቃለሁ። ልጆቹ ከኳስ ቤት ሲመለሱ ደጄ ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እቺ ልጅ እንዳላውቅ ስትለፋ እያየሁ፣ የኔ ጭንቀት እንዳይጨመርባት ነው ዝም ያልኩት።"

አየኋት። ያን ሁሉ ቀን ጎን ለጎን ተኝተን።

ሼህ ኡመር ግራ ተጋቡ። "አስታግፊሩላህ፣ ምን መስሏችሁ ነው? አንተ ሰዒድ፣ ና ንገራቸው!"

ሰዒድ የአይሱዙ ረዳት ነው። ደብረ ሲና መንገድ ተዘግቶበት ከርሞ ሌሊቱን በጫካው መንገድ በእግሩ ወርዶ፣ ሰዓት እላፊው እስኪያልቅ መስጊድ ቆይቷል። "የምሥራች" አለ፣ እንደ ሌባ በሹክሹክታ። ጨዋታውን ደብረ ሲና አይቶታል። ጀማል ጭንቅላቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። እኩል ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አስገቡት፣ ለፍጹም ቅጣት ምት። ሁለት መለሰ። ፍጻሜ ገብተናል።

"ምሥር ብላ" አለች እማዬ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ። ከዚያ ተገኘ፤ "ታዲያ ለምሥራች በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ተሰብስቦ፣ አፍ ዘግቶ ይመጣል? ልትገድሉኝ ነው?"

"ወታደሮቹ ማዕዘኑ ላይ ናቸው እኮ፣ ጫጫታ ፈርተን ነው" አሉ ጋሼ ታደሰ። እትዬ አሰገደች እልልታቸውን በነጠላቸው አፍነው ይንሰቀሰቃሉ።

ሬዲዮውስ? ባትሪ ለመቆጠብ ነው አሉ፤ ሱቆቹ ባትሪ ጨርሰዋል። ወጡስ? ሹፌሮቹ ሽንኩርቱ ከሚበሰብስ ብለው ለሰፈሩ ስላደሉት ሁሉም ወጥ አብዝቶ ሠርቶ ነው። ሼህ ኡመርም ወንድ የሌለባቸውን ቤቶች ለጥበቃ እየመዘገቡ ነው። በሶውን ለሰዒድ ሰጠሁት። ሲወጡ እማዬና እኔ ተቃቅፈን ሳቅን፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ እሱንም ጨረስነው።

ዓርብ

መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ፍጻሜው ነገ ነው፤ አልደርስም። ጋሼ ታደሰ "ባትሪው አንድ ጨዋታ ይችላል፣ ጭማሪ ሰዓት ከመጣ ግን አላውቅም" ብለዋል።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ረስቼው ስለነበር ደነገጥኩ።

"እታለም!" ጀማል ነው። ድምፁ ደህና ነው። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነው። "ስንት ቀን ደወልኩ። እማዬ ሰማች እንዴ?"

"ምኑን?"

"ጭንቅላቴን ትንሽ ተመትቼ ነበር። እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች።"

እማዬ ጆሮዋን ከስልኩ ጀርባ ጋር አጣብቃለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እሺ በይው፣ እሺ በይው ትለኛለች በምልክት።

"እሺ፣ አልነግራትም" አልኩት። "ነገ ግን ከመስመርህ አትውጣ።"

"ኳሱ ከመጣ እወጣለሁ" አለና ተቋረጠ።

ደጋግሜ ሞከርኩ፣ የለም። እማዬ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ "ምን አለ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ አለ" አልኳት።