መኝታ ያሳበቀ ፎቶ

ለእትዬ፣ ለታላቅ እህቴ፤

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ፣ ውኃ የሞላ ጄሪካን ፎቅ አወጣለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ሰው ሳልለምን በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ ሳቂብኝ እንጂ አትዘኚ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሻል? ጋሼን ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ እንደምን አሉ? እኔ ከፊቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ የፊቴን ነገር እነግርሻለሁ።

ባለቤቴ ከሞተችና ቤቱ ከእጄ ከወጣ ወዲህ በመጠለያ እንደማድር ታውቂያለሽ። እዚያ አንዲት ፎቶ አንሺ እየመጣች ቤት የሌለንን ሰዎች ፎቶ ማንሳት ታስተምረናለች። መጀመሪያ ቀን፣ «ቤት የሌለው ሰው ፎቶውን ምን ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው?» ብዬ ሰው አሳቅኩባት። እሷም ሳትቆጣ፣ «አባባ፣ ሰዉ እናንተን እንዳላየ ያልፋል፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ያያችሁትን አሳዩት» አለችኝ። ነገሯ ሆዴ ገባ። ካሜራ አንገቴ ላይ አጥልቃልኝ ትንፋሽ ይዞ ማንሳትን አስተማረችኝ።

አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ጫማ ሰፊ ነው። መጠለያ አያድርም፤ «የእናንተ ማንኮራፋት ከብርድ ይብሳል» ይላል። የሚተኛው ከአንድ ትልቅ መደብር ጀርባ፣ ደረጃ ሥር፣ ካርቶን አንጥፎ ነው። አንድ ጠዋት ፀሐይ በደረጃው ክፍተት ገብታ ፊቱን ስታበራው አይቼ፣ አስፈቅጄ አነሳሁት። «ጥርሴን ደብቅልኝ፣ አንተ ሽማግሌ!» እያለ ይስቃል። ያ ፎቶ ለትርኢት ተመርጦ አዳራሽ ተሰቀለ። የመደብሩ ባለቤትም መጥቶ ፊት ለፊቱ ብዙ ቆመ። እኔ የወደደው መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

እትዬ፣ ደጅ በሚያድር ሰው ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ የሰው መኝታ ለማንም አይነገርም፣ ሰክረህም ቢሆን። እኔም በአፌ አልተናገርኩም። ፎቶው ላይ ግን ከወዳጄ ራስ በላይ የመደብሩ ቀይ በር ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ፊቱን ሳይ በሩን አላየሁትም።

በማግስቱ ማለዳ ዳቦ ይዤለት ስሄድ ሦስት የመደብሩ ዘበኞች በእግሩ ጎትተው አውጥተውታል። ጎኑን በጫማ ይረግጡታል፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ሰማሁት። እሱ ግን የሚጮኸው ለጎኑ አልነበረም፤ «እጄን ተዉልኝ! እጄን!» ይላል። ረጅሙ ዘበኛ ወዳጄ ወስፌ የሚይዝበትን እጅ አስፋልት ላይ ረግጦ በዱላ ደጋገመበት። አንገቴ ላይ የነበረውን ካሜራ አውልቄ፣ ማንገቻውን ጡጫዬ ላይ ጠምጥሜ ካሜራውን በረጅሙ መንጋጭላ ላይ አሳረፍኩት። የካሜራው መስታወት ተፈረካከሰ፤ ሁለት ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቅንድቤ ተተርትሮ ተሰፍቷል፤ አንድ ዓይኔ እስካሁን አልተገለጠም። ዳቦውን የሸጠችልኝ ሴት ኡኡ ብላ ሰፈሩን ባትሰበስብ ኖሮ ሬሳችንን ነበር የሚያነሱት።

ፖሊስ ጣቢያ «ማስረጃ አላችሁ?» አሉን። አስተማሪዋ የተሰበረውን ካሜራ አቅፋ፣ «ምነው አባባ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ፎቶ ባነሷቸው!» ብላ አለቀሰች። «ሰው ሲገደል ትንፋሼን ይዤ ልቁም ወይ?» አልኳት።

ጫማ ሰፊው ሐኪም ቤት ተኝቷል፤ ሦስት ጣቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም አሉ። አጠገቡ ስቀመጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንደዞረም፣ «ከዚህ ሲያስወጡኝ የት ልተኛ ነው?» አለኝ።

«ና ከእኔ ጋር ኑር» ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ አልመጣም። ገንዘብም እንዳትልኪ፤ እንደምመልሰው ታውቂያለሽ። ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ነርሷን ልጅሽን፣ ሹፌሩን ባሏን፣ ያቺን ወሬኛ የልጅ ልጅሽንም አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ።

እዚህ የሚያቆየኝ ዕዳ ነው፤ ሁሉንም ራሴ እከፍላለሁ። ለአስተማሪዋ ካሜራ አለብኝ። ለጫማ ሰፊው ማንም የማያውቀው መኝታ አለብኝ፤ እስኪገኝ የእኔን አልጋ ይውሰድ፣ እኔ ወለሉ ላይ እተኛለሁ። ለረጅሙ ዘበኛ ደግሞ፣ እሱ ሦስት ጣት ወስዷል፣ እኔ ሁለት ጥርስ። አንድ ይቀረኛል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመጠለያው፣ የካቲት 11 ቀን