ልጄን ወንዝ አላስገባትም

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1998

እንደገና ትጠመቅ አሉ! ልጄን! የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አባቷ ታቅፎ፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ፣ በዚያ ጭቃ ወስደን ያስጠመቅናትን ማርታን፣ ወንዝ ወርዳ ካልተጠመቀች አናጋባም አሉ። ትናንት ከሰዓት ከቴፒ መጥታ ነገረችኝ። ያለው የእጮኛዋ የታምራት ፓስተር ነው። «የሕፃን ጥምቀት ጥምቀት አይደለም» ብሏል። ደሜ ፈላ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ማርታ ዛሬ በጠዋት መኪና ወደምታስተምርበት ተመለሰች። ደኅና ሁኚ እንኳ በቅጡ አልተባባልንም።

ሠርጉ ለየካቲት መጀመሪያ ነው። ዱራሜ ያሉት ዘመዶቼ ሁሉ ሰምተዋል።

ታምራትን እኮ እወደው ነበር። የሸኮ ልጅ፣ የግብርና ሠራተኛ፣ ጨዋ። ጴንጤ መሆኑንም ከመጀመሪያው አውቃለሁ። እኛ ካቶሊኮች በዚህ በሚዛን ከተማ ለኦርቶዶክሱ ጴንጤ፣ ለጴንጤው ኦርቶዶክስ ነን፤ ለምደነዋል፣ እንስቅበታለን። ይሄ ግን ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ የእነዚሁ ሰዎች ጸሎት ቤት ሲታሸግ፣ ሟቹ ባለቤቴ በእኛ ጓሮ እንዲጸልዩ በር ከፍቶላቸዋል። ሰው በእምነቱ ሲገደድ ምን እንደሚመስል ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? ረሱት?

ሱቄ ውስጥ ኮረሪማ ስመዝን ስሳሳት ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። የስልጤ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ እስላም። የባለቤቴ የልብ ወዳጅ ስለነበሩ የማርታን የሽምግልና ጉዳይ የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ሐሙስ የልጁ ሽማግሌዎች ሲመጡ መልሴ ይህ ነው። ልጁ ወደ እኛ ሃይማኖት ይግባ፤ አለዚያ የምሰጠው ልጅ የለኝም ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ጺማቸውን እያሻሹ «የማርታ እናት፣ ይሄ ከበድ አላለም?» አሉኝ።

«የእነሱስ ቀሎ ነው?»

«እንግዲህ አደርሳለሁ። ሽማግሌ የሰጡትን ነው የሚሸከመው።»

ደረቴ ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ። እነሱ ብቻ ናቸው እንዴ ማስገደድ የሚያውቁት!

ሐሙስ፣ ጥር 18

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

የታምራት አባት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከሸኮ መጡ። እንደ ወጉ ቆመው፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም አሉ። አስቀመጥናቸው። ጋሽ ከድር መልሴን አደረሱ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ከጋሽ ከድር ጋር ተያይዘው ጓሮ አቮካዶው ሥር ወጡ። ተመካከሩ፣ ፊታቸው ፈክቶ ተመለሱ። ያገኙት መፍትሔ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ማርታ ጠዋት ወንዝ ወርዳ ትጠመቅ፣ ታምራት ደግሞ ከሰዓት ካቶሊክ ይሁን! «ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ይተውና እኩል ይሁኑ።» ይህን የተናገሩት የኔው ጋሽ ከድር ናቸው! የድንበርና የላም ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰዎች ነፍስንም እንደ ማሳ እኩል ለእኩል አካፈሏት። ማታ ላይ ማን ምን ሆኖ ይገኛል? ማርታ ጴንጤ፣ ታምራት ካቶሊክ! ተለዋውጠው ቀሩ እኮ!

«ሃይማኖት ላም ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ። ሴት በሽማግሌ መሐል አትጮኽም፤ እኔ ጮኽኩ። «ልጄን ወንዝ አላስገባትም። ልጁ ይምጣ። ካልመጣ ይቅር!»

የታምራት አባት ብዙ አይናገሩም፤ አማርኛም የአፍ መፍቻቸው አይደለም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «እሺ። ልጁ እሷን ካለ፣ እኔ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አየሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

እልል አልኩ። አሸነፍኩ።

ዓርብ፣ ጥር 19

በጠዋት ከሸኮ የመጣውን ታምራትን ይዤ አባ ጳውሎስ ዘንድ ሄድኩ። ቄሳችን ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ የጠፋ በግ ይዤላቸው የመጣሁ መስሎኝ።

«ለምን መጣህ ልጄ?» አሉት።

«ካቶሊክ ልሆን።»

«ልብህ ፈቅዶ ነው?»

መሬት መሬት እያየ «እንደ እውነቱ ከሆነ አይደለም አባ። ካልገባህ አትወስዳትም ስላሉኝ ነው» አላቸው።

«እንግዲያስ አልቀበልህም። ወደ ቤትህ ሂድ። ልብህ የጠራህ ዕለት በሩ ክፍት ነው።»

ልጁ ወጣ። እኔ ቀረሁ። «አባ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?» አልኩ።

«ፓስተሩ ማርታን በምን ያዛት?»

«በሠርጓ።»

«አንቺስ ታምራትን በምን ያዝሽው?»

ልወጣ ተነሣሁ። እሳቸው ግን አልተውኝም። «እግዚአብሔር እንኳ ማንንም ጎትቶ አያስገባም። በግድ የገባ ሰው ወንበር ይሞላል እንጂ አያምንም። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የምታስተምረው ለእኛ መብት ብቻ ብላ አይደለም፤ ለእነሱም ነው» አሉኝ። ማርታ በእምነቷ፣ ታምራትም በእምነቱ እንዳሉ፣ በጳጳሱ ፈቃድ መጋባት ይችሉ እንደነበርም ነገሩኝ። «ይህን ለመጠየቅ ለምን አልመጣሽም?»

መስቀላቸውን ሳልሳለም ወጣሁ። ቆሽቴ አሯል። የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ሳጥብ የኖርኩ እኔ ከፓስተሩ እኩል ተቆጠርኩ! እሑድ ቅዳሴ ቢጠብቁኝ ይጠብቁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ማርታ መጣች። እግረ መንገዷን ሸኮ ላይ ወርዳ ታምራትን አግኝታዋለች። ሁሉን ነግሯት፣ አሁን ብቻዬን ልሁን ብሎ ሸኝቷታል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረችኝ።

«እማዬ፣ ፓስተሩ ያሉትን ነገርኩሽ። እኔ ያልኳቸውንስ ሰምተሻል?»

«ምን አልሻቸው?»

«አልጠመቅም አልኳቸው። አንዴ ተጠምቄአለሁ፣ ታምራትም ይህን አውቆ ነው የወደደኝ አልኳቸው። እሱም አጠገቤ ቆሞ ነበር። እነሱ ካላጋቡን አባ ጳውሎስን እንጠይቅ ተባብለን ነበር። ይህን ልነግርሽ ስል ተነሥተሽ ጮኽሽ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«የተናደድሽው በፓስተሩ፣ የመታሽው ታምራትን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!» አለችኝ። ለእናቷ! እጄ ተነሣ፤ ተመልሶ ወረደ።

በፓስተሩ አሁንም ተናድጃለሁ፤ ይህ አይለወጥም። በአባ ጳውሎስም፣ ልክ ስለሆኑ። በጋሽ ከድርም። ከሁሉ በላይ በዚህ ቀድሞ በሚሮጥ አፌ።

እሑድ፣ ጥር 21

ቅዳሴ ሄድኩ። አባ ምንም አላሉኝም፤ መስቀሉን ብቻ አቀረቡልኝ። ተሳለምኩ።

ከዚያ ጋሽ ከድርንና ማርታን ይዤ ሸኮ። «የሴት ወገን ሽማግሌ ይዞ ወንድ ቤት ሲሄድ በዕድሜዬ አላየሁም» እያሉ ጋሽ ከድር መንገዱን ሁሉ አጉረመረሙ። እኔም አላየሁም።

የታምራት አባት ደጅ ላይ የተሰጣ ቡና ያገላብጡ ነበር። ወንበር አወጡልን። ማርታና ጋሽ ከድር ተቀመጡ። እኔ ግን «መጀመሪያ ይስሙኝ» ብዬ ቆምኩ። «ሐሙስ ያልኩትን ትቻለሁ። ልጅዎ በእምነቱ ይኑር፤ ልጄም በእምነቷ። በድያችኋለሁ።»

አባቱ «ልጁ ራሱ ይናገር» አሉ።

ታምራት መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ከጸሎት ቤት መጣ። የተናገርኩትን ደግሜ ነገርኩት። «እናቴ፣ አባ ባይመልሱኝ ኖሮ ያላመንኩትን አምናለሁ ልል ነበር። በራሴ አፍሬአለሁ። እንዲህ ሆኜ ማንንም ማግባት አልችልም፤ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለ።

ጊዜ! ሠርጉ ደርሶ! ስንት ቀን ልለው አፌን ስከፍት ጋሽ ከድር ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። «እሺ» አልኩ። እንዲህ የሚከብድ ቃል አላውቅም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ማርታን «እምቢ ቢልስ?» አልኳት።

«እምቢ ማለት ይችላል፣ እማዬ» አለችኝ። እንባዋ እየወረደ ነው የምትናገረው።

በዚህም ተናደድኩ። ተናድጄም እጇን ያዝኩ፤ ሚዛን እስክንገባ አልለቀቅኳትም።