ለቦይለሩ የደረብንለት አንገትጌ

ለተወደዱ አባቴ ለአቶ መሸሻ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎ? እማዬስ ሳሏ ለቀቃት? እኔ፣ የጎባ ውርጭ ጆሮዬን ሊቆርጠው ከመድረሱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

አባዬ፣ ይህን የምጽፍልዎ ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ነው። ወደዚህ የተላክሁት ለሐኪም ቤቱ ቦይለር ነው። ውኃ አፍልቶ እንፋሎት አፍኖ የሚይዝ ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ የቀዶ ጥገናው ዕቃ የሚቀቀለው በዚያ እንፋሎት ነው። አዲሱ ክፍል ወፍራም ቧንቧ ስለሚፈልግ የበርሜሉን ጎን በሰፊው መብሳት ነበረብን። ሥራው እስኪያልቅ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አንገቱ ከሚባል አገር በቃሬዛ የመጣች ጤቤ የምትባል ነፍሰ ጡር ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ተኝታለች፤ ልጁ በሆዷ ተጋድሞባታል። አዲስ አበባ እንዳትላክ መንገዱን አትችለውም።

በያጃችን ወዚር የሮቤ ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። «የሴትየዋ ቀን ደርሷል፤ ቧንቧውን በይደን እንገላገል» አለኝ። እኔ እንቢ አልሁ። ቀዳዳው የወሰደውን ብረት ያህል በዙሪያው ካልመለስንለት፣ እንፋሎቱ ሲገፋ በርሜሉ ከጠርዙ ይቀደዳል፤ ቢፈነዳ የሚደርሰው እሷው ላይ ነው። «አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳ ሲያወጣ ከሥሩ ጨርቅ ይደርባል» ስለው ሳቀና «እሺ፣ አንገትጌ እንስፋለት!» አለ።

ከቦይለሩ ጋር ከመጣው ትርፍ ላሜራ ሰፊ ቀለበት ቆርጠን፣ እንደ በርሜሉ ሆድ አጉብጠን፣ በቧንቧው ሥር አልብሰን በየድነው። ቀለበቱን በትንሹ በስቼ በዚያ አየር ነፋሁበት፤ ብየዳውን ሳሙና ቀባነው። አንድ ቦታ አረፋ ኩፍ አለ! መጀመሪያ ያየው ወዚር ነው። ፊቱ ጠቆረ፤ ሞርዶ እንደገና በየደው። ከዚያ በርሜሉን ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተን፣ ከሥራው ግፊት አስበልጠን በእጅ ፓምፕ ገፋነው። የመለኪያው ቀስት ወጥቶ ቀጥ አለ፤ ጠብ ያለ ውኃ የለም! ወዚር በአገሩ ቋንቋ «ጋሪዳ! ጋሪዳ!»፣ መልካም ነው፣ እያለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

ሐሙስ እንፋሎቱ ገባ። ዓርብ ጤቤ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እኔ መለኪያው ላይ አፍጥጬ ቆሜ ሳለሁ ከግድግዳው ማዶ ሕፃን አለቀሰ። ወዚር እንባውን በጓንቱ ቢጠርገው ፊቱ ጥላሸት በጥላሸት ሆነ። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው! ሴት ናት፤ ላያት ብገባ ጣቴን ጨብጣ አልለቅም አለችኝ።

የእማዬን የእኅተማርያምን ጉልበት ይሳሙልኝ። እኅቴ ፀዳለ በትምህርቷ እንድትበረታ ይንገሩልኝ፤ ጎረቤታችንን እትዬ ሸዋዓለምን፣ የሱቁን ጋሼ ሠርከአዲስን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ አምባዬ መሸሻ
ጎባ፣ ጥር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.