ከምንጩ በላይ ያስቆፈርኩት ጉድጓድ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ኃይለየሱስ፤ ደብረ ብርሃን።

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንደምን ሰነበቱ? የወገብዎ ሕመም ጋብ አለልዎት ወይ? እናቴስ ብርዱን እንዴት ቻለችው? እኔ በጤናዬ በኩል ደህና ነኝ፤ በሌላው በኩል ስላልሆንኩ ግን ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

እዚህ ወይዘሮ ሞሚና የሚባሉ ወተት ሻጭ አሉ። አሥራ አንድ ላሞች አሏቸው፤ የከተማው ሻይ ቤት ሁሉ ወተት የሚያመጣው ከእሳቸው ነው። በረታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲያጥቡት እበትና ሽንት የተቀላቀለው እጣቢ በቦይ ወርዶ ወደ ጎረቤታቸው ወደ በክሪ የጫት ማሳ ይገባል። በክሪም በየእርከኑ እያዞረ ያጠጣዋል። ከአባቶቻቸው ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ጫቱም እስከ ሂርና ድረስ ይፈለጋል።

እኔ ግን የተማርኩ የጽዳት ተቆጣጣሪ ነኝ። መጽሐፌ የበረት እጣቢ በጉድጓድ ይከማች ይላል፤ ስለ ጫት አንድም ቃል የለውም። የጻፈውም ሰው አገሩ ሜዳ ሳይሆን አይቀርም። ቦዩን አስደፍኜ ከበረቱ ሥር ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ሞሚና ከታች ምንጭ እንዳለ፣ አፈሩም ውኃ እንደማይዝ ነገሩኝ። በክሪም ደጋግሞ ነገረኝ። እኔ ጫቱ እንዳይደርቅበት ነው ብዬ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። መዝገቤም ላይ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ፤ ጽሕፈቴ እንኳ ያምር ነበር።

የበልጉ ዝናብ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ምንጩ ሸተተ። ከዚያ የጠጡ ስምንት ልጆች በተቅማጥ ወደቁ። ሰባቱ ተረፉ። ስምንተኛዋ የበክሪ ልጅ ረዲያ ነበረች፤ አራት ዓመቷ ነበር። ቀብሯ ላይ ከኋላ ብቆም፣ የመንግሥት ሰው ነው ብለው ወደ ፊት አሳለፉኝ።

ከዚያ ከተማው ሞሚና ላይ ተነሣ። ላሞቻቸው ወደ ሚኤሶ ቆላ ይነዱ ተባለ። በዚያ ድርቅ ላሞቹ ወር አይቆዩም፤ ሴትዮዋም ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሞሚና ስሜን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም። ፈርተውኝ ይሁን አዝነውልኝ አላውቅም። ተነሣሁና ያዘዝኩት እኔ መሆኔን፣ ሁለቱም ነግረውኝ አለመስማቴን ተናገርኩ።

በክሪ አልጮኸም። «ኦቦ በላይነህ፣ እጅህን ይዤ ምንጩን አሳይቼህ አልነበረም?» አለኝ።

«አሳይተኸኛል» አልኩ።

በክሪ ቁጭ አለ።

ላሞቹ እዚሁ ቀሩ። በማግሥቱ ጉድጓዱን አብረን ደፈንነው፤ ቦዩንም ወደ ጫቱ መለስነው። በክሪ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ አፈር ሲዝቅ ዋለ እንጂ ሰላም አላለኝም። እስከ ዛሬም አላለኝም፤ እኔም አልጠብቅም።

የሆነውን ሁሉ ጽፌ ሐረር ላሉት አለቆቼ ልኬአለሁ፤ መልስ አልመጣም። አባቴ፣ ልጄ ሹም ሆነ እያሉ በየሰንበቴው እንደሚያወሩልኝ ሰምቻለሁ። ብባረር፣ ምቀኛ ነው ያስባረረው ብለው እንዳያወሩልኝ እለምንዎታለሁ። ለምን ተባረረ ብሎ የሚጠይቅዎት ካለ፣ ረዲያ የምትባል ልጅ እንደነበረች ይንገሩልኝ።

እናቴን ሣህሊቱን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ሲያነቡላት ግን ቀስ ብለው ይሁን። እኅቴ ዓለምሸት ትምህርቷን እንዳትተው ይምከሩልኝ። ታናሼን ነጋሽን ናፍቄዋለሁ ይበሉልኝ።

ልጅዎ በላይነህ ኃይለየሱስ
አሰበ ተፈሪ፤ ግንቦት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.