ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፦ የሽጉጥ ነጋዴው የሚስተር ኤልደን ፕሩይት የሕይወት ታሪክ

ሚስተር ኤልደን ፕሩይት ከአባታቸው ከአናጺው ክሌተስ ፕሩይትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፓል በአርካንሶ ግዛት፣ በዚህችው በብራያር ክሪክ ከተማ፣ ማርች 9 ቀን 1947 ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፍኩትም፣ አሁን ቆሜ የማነብላችሁም ብቸኛ ልጃቸው ዶሪን ነኝ። ፓስተራችን አጭርና ሞቅ ያለ ይሁን ብለውኛል። አጭር ለማድረግ እሞክራለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን ተከታትለዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ በጠባይ አስቸጋሪ እንደነበሩ አስተማሪዎቻቸው ይመሰክሩ ነበር። ገና በልጅነታቸው ወንዙ ዳር ቆመው ዓሣ ለማጥመድ ለሚመጡ እንግዶች ትል ይሸጡ እንደነበር አያቴ ኦፓል እየሳቀች ታወራልን ነበር። ሁለት ጣሳ ይደረድራሉ፤ አንዱ ዝገታም፣ ሌላው ቀለም የተቀባ። ዝገታሙ እስከ ሥሩ ትል ነው። ያጌጠው ግን ከላይ ትል፣ ከሥር ጭቃ ነው። እንግዳው ያጌጠውን ይዞ ሲሄድ እሳቸው ሣር ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። አያቴ ይህን እንደ ብልህነት ነበር የምታወራው፤ እኛም እንደዚያው አድርገን ሰማናት።

በ1966 ለውትድርና ተጠርተው በመሣሪያ ጥገና ክፍል አገልግለዋል። በ1974 በዚህ ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ትጫወት የነበረችውን እናቴን ኔልዳን አገቡ። በ1976 እኔ ተወለድኩ። ይጠብቁ የነበረው ወንድ ልጅ ስለነበር በየዓመቱ የልደት ኬኬ ሲቆረስ ይህንኑ ያስታውሱኝ ነበር። እናቴ በ2003 በካንሰር አረፈች። አባቴ በቀብሯ ላይ ተነሥተው "ጥሩ ሚስት ነበረች፤ ብዙ አታወራም" አሉና ተቀመጡ።

ወደ ሥራቸው ልመለስ። በ1979 ዋናው መንገድ ላይ የጦር መሣሪያ ሱቅ ከፈቱ። አንድ የፖሊስ መምሪያ አዲስ ሽጉጥ ሲታጠቅ አሮጌውን ለነጋዴ ያስረክባል፤ እሳቸው ያንን በጅምላ ገዝተው በችርቻሮ ይሸጡ ነበር። በዚህ ዕቃ ላይ የሚያህላቸው ሰው አልነበረም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። የፖሊስ ሽጉጥ ዓመት ሙሉ ወገብ ላይ ይውላል እንጂ እምብዛም አይተኮስበትም። ከአፎቱ ሲወጣና ሲገባ፣ ከመኪና በርና ከወንበር ቀበቶ ጋር ሲፋተግ ቀለሙ ይላጣል፣ ጠርዙ ይነጣል፤ ውስጡ ግን አዲስ ነው። መጥፎው ሌላው ነው። የፖሊስ ማሠልጠኛ ሽጉጥ አፎት አያውቅም። በስፖንጅ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር ላዩ ያብረቀርቃል። ነገር ግን ምልምሉ ሁሉ በተራ ሲተኩስበት ስለሚውል የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ የሚያስወጣው ሞላ የዛለ፣ ውስጡ ያለቀለት ነው። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ጭነት ይመጣሉ። አባቴ አንዴ ፈታ አድርገው ካዩት የቱ ወገብ ላይ፣ የቱ ማሠልጠኛ እንደዋለ ያውቁ ነበር።

ገዢ ሲመጣ ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ አውጥተው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡና እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ዝም ይላሉ። ከባንኮኒው ፊት አራት በርጩማዎች ነበሩ። እነሱ ላይ ዘወትር የሚቀመጡት ሚስተር ሆይትና ሦስቱ ጓደኞቻቸው ናቸው። ዛሬ ሬሳውን የሚሸከሙትም እነዚሁ አራቱ ስለሆኑ የፊተኛው ረድፍ ላይ ታዩዋቸዋላችሁ። የሱቁ ሕግ አንድ ነበር፤ ገንዘብ ሳይከፈል ማንም አፉን አይከፍትም። የተላጠውን የመረጠ ሰው "የኛ ሰው" ይባላል፣ ቡና ይቀዳለታል፣ አዲስ ሞላ በነጻ ይገባለታል። የሚያብረቀርቀውን የመረጠ ግን ጨምሮ ይከፍላል፤ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሳቁ ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤቱ ድረስ ይሰማል። ብዙዎቻችሁ ያንን ሳቅ ሰምታችሁታል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የተሳቀባችሁ እናንተ ናችሁ። ሽጉጡ ዛሬም መሳቢያችሁ ውስጥ ካለ አስመርምሩት።

በ1998 ዌንደል ሃስኬትን አገባሁ። ዌንደል አውራ ጎዳናው ዳር ነዳጅ ማደያ ነበረው፤ ከነዳጁ ይልቅ በሳንድዊቹ የታወቀ ነበር። አደን ሲወጣ አጋዘኑን አይቶ፣ አድንቆ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። አባቴ ለዚህ "ሙሽሪት" ይሉት ነበር፤ ፊት ለፊቱ፣ በገና ማዕድ ላይ ሳይቀር። እሱ ይስቃል። እኔ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

በ2006 ጸደይ ከማደያው አቅራቢያ ያለ ሱቅ ተዘረፈና ዌንደል ሽጉጥ ሊገዛ ወደ አባቴ ሄደ። እኔ አልነበርኩም። ሁሉንም ኋላ የነገሩኝ ሚስተር ሆይት ናቸው፣ ሲናገሩም የሁለቱንም ድምፅ እያስመሰሉ ነበር።

"ሚስተር ኤልደን፣ እርስዎ የቱ ይሻላል ይላሉ?" አለ ዌንደል።

"ዓይን የለህም እንዴ?" አሉት አባቴ።

"እኔማ ስለ መሣሪያ ምን አውቄ! እርስዎን ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።"

"ግድ የለህም፣ ያማረህን አንሳ።"

ዌንደል የተላጠውን አነሣ፣ አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው። "ይሄኛው ብዙ ያየ ይመስላል። ሰው ላይ ተደግኖም ይሆናል። ያኛው ይሻለኛል፤ ንጹሕ ነው።"

"ንጹሕ ነው" አሉ አባቴ፤ "ልክ እንዳንተ።"

ከፈለ፣ አመስግኖ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሚስተር ሆይት "ኧረ ኤልደን፣ የልጅህ ባል እኮ ነው! ጥራውና ቀይርለት" ብለው ነበር አሉ። አባቴ "ተወው ባክህ! ለሙሽሪት ጌጥ ነው የሚያስፈልጋት" ሲሉ አራቱም በሳቅ ፈነዱ። ሚስተር ሆይት ራሳቸው ከበርጩማው ሊወድቁ ደርሰው እንደነበር ነግረውኛል።

በኦክቶበር 2007፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወጣት ማደያው ገብቶ ሽጉጥ ደገነበት። ዌንደል የራሱን አውጥቶ ወደ ጣሪያው ተኮሰ። ሊያስፈራራው እንጂ ሊገድለው አልፈለገም። ሁለተኛው ጥይት አልወጣም፤ የመጀመሪያው ቀለህ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ነበር። የወጣቱ ግን ወጣ። ባሌ የሞተር ዘይት መደርደሪያው ሥር ወድቆ ሞተ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።

መርማሪው ሞላውን ሳህን ላይ አድርጎ አሳየኝ። "ወይዘሮ ሃስኬት፣ ይሄ እኮ ድሮ ያለቀለት ነው። የማሠልጠኛ ነው። ማነው የሸጠላችሁ?" አለኝ። ነገርኩት። አንገቱን ደፋ፤ የእሱም የግል ሽጉጥ ከአባቴ ሱቅ የተገዛ ነበር፣ ያውም የተላጠው። ገዳዩ ተፈርዶበት እስር ቤት ይገኛል። በዚህ ጉዳይ የተፈረደበት እሱ ብቻ ነው።

ዌንደልን የቀበርን ዕለት፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ሚስተር ሆይት የድንች ሰላጣ የያዘ ሳህናቸውን ይዘው መጥተው ትከሻዬን ዳበሱኝ። "አይዞሽ ልጄ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ያማረውን መረጠ። ሁላችንም እያየነው ነው የመረጠው" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። ከዚያ ታሪኩን ከነድምፁ አወሩልኝ። ወደ አባቴ ዞር ስል የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ ነበር። "ራሱ ነው የመረጠው" አሉኝና ሌላ ቁራጭ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።

የፍርድ ሂደቱ አልቆ ፖሊስ ሽጉጡን ሲመልስልኝ አባቴ መጥተው ወሰዱት። ላጠፋው እንጂ ላየው አልፈልግም ነበር። እሳቸው አዲስ ሞላ አስገቡለት፣ ወለወሉት፣ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አስቀመጡት፣ ሸጡትም። የገዛው ሰው ታሪኩን ስለማያውቅ ስሙን አልጠራም። አሁን ግን በደንብ ይሠራል።

ሚስተር ኤልደን በ2018 በሳንባ ሕመም ሲታመሙ እቤቴ አስታመምኳቸው። ሌላ የሚያስታምማቸው አልነበረም፤ አራቱ ጓደኞቻቸውም የበሽተኛ ሽታ አይወዱም። አጠብኳቸው፣ አጎረስኳቸው፣ ኦክስጅናቸውን አስተካከልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ "አላየሁትም ነበር፣ ተሳሳትኩ" ቢሉኝ ይቅር ልላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ገንፏቸውን እያጎረስኩ ጠየቅኳቸው።

"አባዬ፣ የዌንደል ሽጉጥ የማሠልጠኛ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"ሱቄ ውስጥ ያለውን ዕቃ የማላውቅ መሰለሽ?" አሉኝ፣ ተቀይመው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ከነገርኩትማ ፈተናነቱ ምኑ ላይ ነው?"

ገንፎውን አስጨረስኳቸው። ሌላ ነገር አልጠየቅኳቸውም። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019 በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ተልሳ ከተማ የሚኖሩ ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ቨርላ፣ እኔ፣ እንዲሁም የተዘጋ ሱቃቸው ቀርተናል።

አራቱ ጓደኞቻቸው የሬሳ ሣጥኑን እኛ ካልገዛን ብለው አጥብቀው ለመኑኝ። "ለኤልደን ከሁሉ የበለጠው ነው የሚገባው" አሉ። ፈቀድኩላቸው። የቀብር አስፈጻሚው ሁለት ሣጥን ነበረው። አንደኛው ወፍራም የኦክ እንጨት ሆኖ ከመኪና ሲወርድ ጠርዙ የተላጠ ነው። ሁለተኛው እንደ እናቴ ፒያኖ የሚያብረቀርቅ፣ ወርቃማ እጀታ ያለው ነው። ከቀለሙ ሥር ያለው የተጨመቀ ወረቀት መሆኑንና እጀታው ለጌጥ ብቻ እንደሆነ አስፈጻሚው ለብቻዬ ነግሮኛል። እሱን ወደ ቢሮው ሸኘሁትና ሁለቱ ሣጥኖች አጠገብ ቆሜ እጄን ሆዴ ላይ አጣመርኩ።

"ዶሪንዬ፣ የቱ ይሻላል ትያለሽ?" አሉኝ ሚስተር ሆይት።

"ሚስተር ሆይት፣ ዓይን የለዎትም እንዴ?" አልኳቸው።

አርባ ዓመት እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዳቸው እንኳ ጎንበስ ብለው ሥሩን አላዩም። የተላጠውን አልፈው ሄዱ፣ የሚያብረቀርቀውን ዳበሱ፣ ጨምረው ከፈሉ። ይኸውና ከፊታችሁ ነው። ያምራል።

እግዚአብሔር የአባቴን ነፍስ ሲቀበል በላዩ ብቻ እንዳይቀበለው፣ ፈትቶ ውስጡን እንዲያይ እለምናለሁ። የእናቴን የኔልዳንና የባሌን የዌንደልን ነፍስ ደግሞ ሳይፈትን ያሳርፍልኝ። አሜን።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በታተመው ወረቀት ላይ የለም። ገንዘቡ ትናንት ስለተከፈለ አሁን መናገር ይፈቀድልኛል። ሚስተር ሆይትና ጓደኞቻቸው፣ ውጭው እየዘነበ ነው፣ እስከ መቃብሩ ያለው ዳገት ጭቃ ነው፣ አባቴም ቀላል ሰው አልነበሩም። እጀታውን አትመኑ። ከሥሩ ያዙ። ማንም አይስቅ።